«ብርድ ነው አትበሉኝ!»

ሲስተር አስካለ ማረፋቸውን በስልክ የነገሩኝ የቀድሞው ሆስፒታላችን ዘበኛ አያ ተሾመ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ወደ ዓለም ከተማ ተዛውሬ ነበር፤ ምሳ ቀርቦ ገና እጄን ልታጠብ ስል ነው ስልኩ የጮኸው። «ሲስተር አረፉ» አሉኝ። የምለው ስለጠፋኝ፣ መልሱን እያወቅሁት፣ «በምን?» አልኳቸው። አያ ተሾመ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «በልብ አሚሎይዶሲስ» አሉ። ፊደል የቆጠሩት በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ሆኖም ከቃሉ አንዲት ፊደል አልገደፉም። ማልቀስ የጀመሩት ቃሉን ከጨረሱ በኋላ ነው።

መንዝን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ይደንቃል ይል ይሆናል። ይደንቃል እንጂ! መንዝ ላይ ሰው እንዲህ ባለ ስም አይሞትም፤ የሚሞተው በብርድ ነው። እጅ ሲደነዝዝ ብርድ ነው። እግር ሲያብጥ ቅዳሴ መቆም ያመጣው ነው። ሰው ራሱን ሲስት ጾሙ ነው፣ ዳገት ሲያቅተው እርጅናው ነው። ለሁሉም የተሰናዳ መልስ አለ፤ መልስ እያለ ደግሞ ማን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል? የሚሄደውም መልሱን ይዞ ነው፤ ሐኪሙ እንዲያጸድቅለት። ሲስተር አስካለ የተነሡት በዚህ መልስ ላይ ነው። በዘመድ ፊት፣ በሐኪም ፊት፣ በሽማግሌ ፊት ተነሡ፤ አንዴ ከተነሡም አልተቀመጡም።

እኔና እሳቸው መሐል ሜዳ ሆስፒታል አብረን ሠርተናል። እኔ ራጅ ክፍል፣ እሳቸው አልትራሳውንድ ክፍል። በመካከላችን አንድ ግድግዳ ነበር፤ እሱም ድምፃቸውን አያስቀርም። አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ በነጩ ጋዋን ላይ ሹራብ የሚደርቡ ሴት ነበሩ። በነርስነት ጀምረው ኋላ አልትራሳውንድ የተማሩ ናቸው። የክፍላቸውን መስኮት የጋረዱት ወንድማቸው በሸመነው ባና ነው፤ የመንዝ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ብርሃንም ነፋስም አያሳልፍም። በእርጉዞች ሆድ ላይ የሚቀቡትን ጄል ደግሞ ከነጠርሙሱ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ነበር የሚውሉት። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ «ልጁ ሳይወለድ የመንዝን ብርድ ለምን ይቅመስ? ሲወለድ ይደርስበታል» ይሉ ነበር።

ምላሳቸውን ያልፈራ አልነበረም። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ተራ ጥሶ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆመው «ጉበትዎ እስኪታመም ስንት ዓመት ታግሶዎታል፤ እርስዎም እሱን አንዲት ሰዓት ይታገሡት» ብለው አስቀመጡት። ደረታቸውን መግለጥ ያፈሩ ቄስ ሲመጡ ደግሞ «አባ፣ ለእግዜር ያልደበቁትን ለኔ ነው የሚደብቁት?» ይሉና ቄሱ እየሳቁ ይተኛሉ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ መርሐቤቴ ነበርኩ፣ በቃ። ካፖርቴን ባጠለቅሁ ቁጥር «ቆላ የላከልን እንግዳ» እያሉ ይቀልዱብኛል።

በሥራቸው ግን ቀልድ አያውቁም። «ምንም የለብሽም» ብለው ሰው አሰናብተው አያውቁም። «በዚህ መሣሪያ፣ ዛሬ፣ እስካየሁት ድረስ ይህን አይቻለሁ» ነው የሚሉት። ሰው ይህን አነጋገር አይወደውም። ሰው የሚወደው ደረት የሚያስነፋ ቃል ነው። እሳቸው ግን ያላዩትን አይናገሩም፣ ያዩትንም አይተዉም፤ ይህ ጠባያቸው ኋላ ብዙ ጣጣ አምጥቶባቸዋል።

እጃቸው ነው የጀመረው። በመጀመሪያ ጣታቸው ይደነዝዝ ጀመር፣ ከዚያ ፕሮቡን፣ የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ፣ በታካሚው ሆድ ላይ ይጥሉት ጀመር። ሁላችንም ብርድ ነው አልን። እሳቸውም ብርድ ነው አሉ፤ የሱፍ ጓንት ገዝተው የጣቶቹን ጫፍ በመቀስ ቆርጠው አጠለቁ። የመንዝ ልጅ ናቸውና ለዓመታት ከዚህ ሌላ አላሰቡም። በኋላ አንድ ሁዳዴ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ወደቁ። ጾሙ ነው ተባለ። ወደ ከተማ ቢወርዱ ሐኪም ልባቸውን በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ አየና የልብዎ ግድግዳ ወፍሯል፣ ግፊት ያወፈረው ነው ብሎ የግፊት ኪኒን አዘዘላቸው። ኪኒኑን በጀመሩ በሳምንቱ እንደገና ወደቁ።

«ግፊት ኖሮኝ አያውቅም» አሉኝ ሻይ እየጠጣን፤ ፊታቸው ቀልቶ ነበር። «ራሴ ነኝ የምለካው! ተደብቆ ነው የሚመጣው ይለኛል። እንደ ሌባ? እኔ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁት?»

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታካሚው ሁሉ ሄዶ፣ ግድግዳውን ሲደበድቡ ሰማሁ። «መርሐቤቴ ና! ልቤን ልናይ ነው።» ስገባ አልጋው ላይ በግራ ጎናቸው ተኝተዋል፤ ፕሮቡን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ደረታቸው ላይ ደግነውታል። ሳፍር አዩኝና ተቆጡ። «የመንዝን ደረት ሁሉ ራጅ ስታነሣ ከርመህ አሁን ነው ሐፍረት የመጣብህ? ስክሪኑን ወደኔ አዙር።»

አዞርኩ። ልባቸው ስክሪኑ ላይ ወጣ። እኔ የራጅ ሰው ነኝ፤ ኢኮ ብዙም አላውቅ፤ ግን ዓይን ላለው ይታያል። የግራው ክፍል ግድግዳ ወፍሯል። የቀኙም ወፍሯል። በሁለቱ መካከል ያለው ግርዶሽ ወፍሯል፣ ደም የሚያሳልፉት በሮች ሳይቀሩ ደንድነዋል። የላይኞቹ ክፍሎች ተለጥጠዋል፤ በልቡ ዙሪያ ቀጭን የውሃ መስመር አለ። ጡንቻው ውስጥ ደግሞ ነጫጭ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ጧት ጧት ጓሳ ሣር ላይ የሚያድረውን አመዳይ ይመስላል።

«ያምራል» አልኩ ሳላስበው።

ሳቁ። «እሱስ ያምራል። ግን ማብለጭለጩን ብቻ አይተህ አትፍረድ፤ የመሣሪያውን ኃይል ከፍ ብታደርገው የማንም ልብ ያብለጨልጫል። ይልቅ ይህን እይ። ግፊት የሚያወፍረው ግራውን ነው። የኔ ዙሪያውን ነው የወፈረው። ደግሞ ይኸን እይ።» ከኪሳቸው የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት አወጡ፤ የልባቸው የኤሌክትሪክ ምት የተሳለበት ነው። መስመሩ ከፍ ዝቅ የሚለው ለወጉ ያህል ነበር። «የወፈረ ጡንቻ ትልቅ ማዕበል ነው የሚጽፍ። ይህ ምንድን ነው? በሬ የሚያህል ልብ የጥጃ ድምፅ ያወጣል? ስለዚህ የወፈረው ጡንቻው አይደለም። በጡንቻው መካከል ባዕድ ነገር ገብቶ ተቀምጦበታል።»

ፕሮቡን አስቀምጠው እጃቸውን ይመለከቱ ጀመር፤ አገላብጠው፣ አገላብጠው አዩት። «እጄም ውስጥ ያለው ይኸው ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንጓዬ ላይ ተከማችቶ ነርቬን አንቆ የያዘው ይኸው ነው። ስንት ዓመት ጓንት አጠለቅሁ!» ቀጥሎ የመጣው ጩኸት ከሰማሁት ሁሉ የባሰ ነው። «ሁለተኛ ብርድ ነው አትበሉኝ! የሰማህ ንገር፤ ሁለተኛ ብርድ ነው የሚለኝ እንዳይኖር!» አያ ተሾመ ሌባ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ።

የበሽታውን ስም ያን ዕለት ነገሩን። አሚሎይድ የሚባለው ከውጭ የመጣ ጀርም አይደለም፤ የገዛ ሰውነት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ አሠራሩ ሲጣመም አይሟሟም፣ አይወገድም፣ በየአካሉ ይጋገራል። ልብ ላይ ሲጋገር ልቡ ይደነድናል፤ መጭመቅ ሳያቅተው መላላት ያቅተዋል፣ ደም የሚገባበት ያጣል። ይህን ሲነግሩን ስለ ሌላ ሰው እንደሚያስረዱ ነበር። አያ ተሾመ ቃሉን መልሰው እንዲሉት አስገደዷቸው፤ እስኪያስተካክሉ አልለቀቋቸውም።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄዱ። ያን የግፊት ኪኒን ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «እኔን ሳይሆን ምስሉን ተከራከሩት» እንዳሉ ኋላ ነግረውኛል። ሐኪሞቹ ተከራከሩ፤ ኤም.አር.አይ. አዘዙ። ቀለም በደም ሥር ይሰጣል፤ ጤነኛ ልብ ቀለሙን ቶሎ ያጥባል፤ የሳቸው ልብ ግን ዙሪያውን ይዞ አስቀረው። ወጣቱ ሐኪም ምስሉን አይቶ «ልክ ነዎት፣ ሲስተር» ሲላቸው «ልክ ባልሆን ይሻለኝ ነበር» አሉት። ሌላ አገር ደግሞ ለአጥንት የተሠራ ጨረር ያለው መድኃኒት ሰጥተው ፎቶ ሲያነሡ ልቡ ራሱ እንደ አጥንት እንደሚያበራ በመገረም አጫወቱኝ። «አስበው፣ ልብ አጥንት መስሎ!» በሽታቸውን የሚያወሩት ባላንጣውን እንደሚያከብር ሰው ነበር። የሚያለዝበው መድኃኒት በሌላ አገር መኖሩን፣ እኛ ዘንድ ግን በቀላሉ እንደማይገኝ ሲነግሩኝ ብቻ ነው ጥርሳቸውን የነከሱት።

በመጨረሻ ደማቸው ውጭ አገር ተልኮ መልስ መጣ። በሽታው በዘር የሚወርድ ነው። ያን ቀን ስለራሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው «ደምሴ» አሉ። «ደምሴም እኮ መወርወሪያው ከእጁ ይወድቃል።»

ጋሽ ደምሴ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው፤ ዘመሮ የሚኖሩ ባና ሸማኔ። ሲስተር ና ልይህ ብለው በሰው ላኩ፣ በስልክ ለመኑ፣ ተቆጡ። ጋሽ ደምሴ አልመጡም። ያልመጡት ስለማያምኗቸው አልነበረም። ልጃቸውን እመቤትን የሚፈልጋት ልጅ አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሥጋ ዝምድናው ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፤ በዘሩ ያለው ደዌም ይጠየቃል። በዘሩ ደዌ አለ የተባለ ቤት ልጁን የሚያገባለት ያጣል። ስለዚህ ሁሉም ቤት ብርድ ነው ይላል። ብርድ በዘር አይወርድማ!

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ሲስተር «ደግፈህ አድርሰኝ» ስላሉኝ በሚኒባስ አብሬያቸው ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ጥቂት ሲራመዱ ይደክማቸው ነበር፤ እግራቸው አብጦ ሸበጥ ነው ያደረጉት። ጋሽ ደምሴ ገና ከደጅ ተቀበሉን፤ እህታቸውን ጎን ወስደው አንገታቸውን አቀፉ።

«እታለም፣ በእመብርሃን። ከጠየቁሽ ብርድ ነው በይ። ዛሬን ብቻ።»

«አባታችንንስ ዛሬን ብቻ እያልን አይደል የቀበርነው?»

«ልጄ ባል ታጣለች!»

«ባል ብታጣ ሌላ ባል አለ። አባት ብታጣ ከየት ታመጣለች?»

ጋሽ ደምሴ መንገድ ለቀቁልን። ገባን። ሽማግሌዎቹ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፣ እህል ውሃም አይቀምሱም። አፈ ጉባኤያቸው መሪጌታ አክሊሉ ናቸው፤ ቃል ሲያወጡ እንደ ዜማ ነው። ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ዘሩ ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ከዚያ መሪጌታ ሁሉም የሚለውን፣ ማንም መልሱን የማይጠብቀውን ጥያቄ አነሡ።

«እንግዲህ ለወጉ ያህል ነው። በዘራችሁ የምንፈራው ደዌ የለም አይደል?»

«አለ» አሉ ሲስተር አስካለ።

ጋሽ ደምሴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲስተር ግን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

«አባታችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቄስ ነበር። በሁዳዴ መቅደስ ደጃፍ ላይ ወደቀ። ኃጢአት ይዞ ገብቶ ታቦት መታው አላችሁ። አፋችሁ እንጂ ማን መታው? ከዚያ ወዲህ መቅደስ አልገባም፤ ከቅጥር ውጭ ቆሞ እያስቀደሰ፣ እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎት ሞተ። እኛም ልጆቹ ታቦት መታው ከሚባል ብለን ብርድ ነው አልን። እኔ ደግሞ እጁ ደንዝዞ ጽና መያዝ እንዳቃተው አስታውሳለሁ። የኔም እጅ ያው ሆነ። ልቤን በመሣሪያ አይቻለሁ፤ የበሽታውን ስም አውቃለሁ፤ ከወላጅ የሚወረስ ነው። ወንድሜም ሳይኖርበት አይቀርም። የወለድነው ሁሉ ይወርሰዋል ማለት አይደለም፤ አንዱ ይወርሳል፣ አንዱ ያመልጣል። አይጋባም፣ በመብላት በመጠጣት አይተላለፍም። ቀድሞ የታወቀለት ሰው የማይስማማውን ኪኒን አይውጥም፣ ሰውነቱ ውሃ ሲይዝ በመድኃኒት ይወጣለታል፣ ምቱ ሲደክም ይረዳል። የተደበቀበት ግን እንደ አባታችን ነው የሚሞት። ልጃችንን የምትፈልጓት ከሆነ ይህን አውቃችሁ ውሰዷት።»

መሪጌታ ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንመካከራለን» አሉ። ጠላው ሳይቀመስ ወጡ። እንመካከራለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ጋሽ ደምሴ እህታቸውን አልተሳደቡም። ሸማ መሥሪያቸው ላይ ሄደው ተቀመጡና ጀርባቸውን ሰጡን። «ቤቴን ዘጋሽው» አሉ። ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ «አበዙት፣ ሲስተር» አልኳቸው። ልቤ አዝኖ ነበር፤ ለልጅቱ። ወደ መስኮቱ እንደዞሩ «የሚያሳዝንህ አንድ ሠርግ ነው» አሉኝ። «እኔ የማስበው የደምሴን ቀብር ነው።»

ከዚያ በኋላ ከዘመሮ የሚሰማ ነገር ጠፋ። ሲስተር አልለመኑም። ሥራቸውንም አልተዉም። ፕሮቡን መያዝ ሲያቅታቸው እኔን ጎትተው አስገቡኝና እሳቸው ከወንበር ላይ «ወደ ግራ፤ ጠበቅ አድርገው፤ አይደለም አንተ ቆለኛ!» እያሉ አስተማሩኝ። እጁ የደነዘዘ፣ እግሩ ያበጠ፣ ዳገት ያቃተው ሰው ሲመጣ ብርድ ነው ያለ እንደሆነ «ብርዱን እስቲ በስክሪን አሳየኝ» ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ሌላ ሌላ ነገር ነው የሚገኘው፤ እሱንም እንዳዩት ይናገሩ ነበር እንጂ የራሳቸውን በሽታ በሁሉ ደረት ላይ አይፈልጉም። ማታ ማታ ብቻ፣ ከመሄዳቸው በፊት፣ ወደ ኮሪደሩ አንገታቸውን አስግገው አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ያያሉ። ማንን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። አልጠየቅኋቸውም።

አንድ የገበያ ቀን ኮሪደሩ ሞልቶ እያለ እመቤት መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ አባቷን በእጃቸው ይዛ ትጎትታለች። ጋሽ ደምሴ ከስተዋል፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሰው እንዳያያቸው ግድግዳ ግድግዳውን ነው የሚሄዱት።

«ሽማግሌዎቹስ?» አሏት ሲስተር።

«እየተመካከሩ ነው» አለች እመቤት። «ልጁ ደውሎ ጊዜ ስጪያቸው አለኝ። አባቴ ጊዜ የለውም አልኩት።»

ሲስተር አስካለ ልጅቱን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞረው «ተኛ» አሉ።

ፕሮቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ከጎኔ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እጄ ሲሳሳት በክርናቸው ያርሙኛል። ልቡ ወጣ። በዚያን ጊዜ እኔም ማየት ለምጃለሁ፤ ግን አላየሁም ማለት ፈለግሁ። ግድግዳው ወፍሯል። እንደ እህታቸው አይደለም፤ ግን ወፍሯል። ሲስተር ለኩ፣ እንደገና አስለኩኝ፣ እንደገና። ጋሽ ደምሴ ጣራውን ያያሉ።

«ገብቷል» አሉ በመጨረሻ። «ግን ገና ነው። ገና ነው፣ ወንድሜ። የኔ ሲታይ መሽቶ ነበር፤ ያንተ ገና ቀን ነው። ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ደምህን ይልካሉ።»

ጋሽ ደምሴ ስለራሳቸው አልጠየቁም። «እታለም» አሉ፣ ድምፃቸው የልጅ ሆኖ። «አባታችንም ይኸ ነበር?»

ከሌላ ሰው ቢሆን አዎ ይባል ነበር። ሲስተር አስካለ ግን ሲስተር አስካለ ናቸው። «የሱን ልብ ማንም አላየውም። ያላየሁትን አልምልልህም» አሉ። ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። «የኔንና ያንተን አይቼ ግን የሱን ከጠየቅኸኝ፣ አዎ ነው የምልህ። ልቡ ነው የጣለው።»

ጋሽ ደምሴ ተነሡ። ጄሉን ከደረታቸው አልጠረጉም፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩን ከፈቱና ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሲገቡ ፊታቸውን የሸፈኑት ሰው ናቸው። ሕዝቡ ዘወር ብሎ አያቸው።

«የዘመሮ ሰው ካለ ይስማኝ!» አሉ። «የቄስ ወልደ ሚካኤል ልጅ ነኝ! አባቴን ታቦት አልመታውም! የታመመው ልቡ ነው! የኔም ልብ ታሟል፤ የእህቴም! የምናፍርበት ነገር የለንም!»

ወደ ሲስተር አስካለ ስዞር ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ለራሳቸው ልብ አንዲት ቀን ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ጋሽ ደምሴ ተመልሰው ገብተው አልጋው ላይ ተኙና «ጨርሱ» አሉን። ሕዝቡ ከውጭ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ በሩን ልዘጋ ብድግ ስል ሁለቱም በአንድ አፍ «ተወው!» አሉኝ።